ሁለቴ የምትበራው ካሜራ

ራሄልን ወለል ላይ ወድቃ ያገኛት ሞባይል ሠሪው ኦብሳ ነው። የኦብሳ ሱቅ ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ፣ ከራሄል ፎቶ ቤት ፊት ለፊት ነው። ጠዋት የራሄል በር መጋረጃ ወርዶ አየ። መጋረጃው ከወረደ ውስጥ ሴት ደንበኛ አለች ማለት ነውና ወንድ አይገባም፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእኩለ ቀኑ የዙሁር አዛን ካለም በኋላ መጋረጃው አለመነሳቱን ሲያይ ግን ግራ ገባው። ደጋግሞ ተጣራ፣ መልስ ሲያጣ ገባ።

እኔ ስደርስ ጎረቤቶች በባጃጅ ሆስፒታል አድርሰዋታል። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደም አለ። ወለሉ ላይ ቀለሟ የተላላጠ ትንሽ ብርማ የኪስ ካሜራ ወድቃለች፤ የእጅ ማንጠልጠያዋ ተበጥሷል፣ ከታች ያለው ክዳኗ ተከፍቷል፣ ሚሞሪው የለም።

"ስታገኛት እንዴት ነበረች?" አልኩት ኦብሳን።

"በጀርባዋ ተንጋላለች። ራሷ ስር መስገጃ ተጣጥፎ ተደርጎላታል። ሻሿም ፀጉሯን በደንብ ሸፍኖላታል። እኔ ምንም አልነካሁም፣ ወላሂ።"

"መስገጃ? ራሄል ክርስቲያን አይደለችም እንዴ?"

"ለደንበኞቿ ነው የምታስቀምጠው።"

ሰው መትቶ ትራስ የሚያበጅ ወንበዴ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ካሜራ ትቶ ሚሞሪ ብቻ የሚወስድ ሌባም እንዲሁ።

ሀይቤ እባላለሁ፤ የሀርጌሳ ፖሊስ ኢንስፔክተር ነኝ። ያደግኩት ድሬዳዋ፣ መጋላ ስለሆነ ኢትዮጵያውያን ያሉበት ጉዳይ ሁሉ እኔ ላይ ይወርዳል። አብራኝ የምትሠራው ሻሚስ ናት፤ ጅግጅጋ የተማረች፣ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ መርማሪ። ያን ቀንም ከኔ ቀድማ ደርሳለች። ሁሌም ከኔ ቀድማ ትደርሳለች፤ እኔም ሁሌ ያንገበግበኛል። ምን እደብቃለሁ?

ቦታውን የምታነሳው በመሥሪያ ቤቱ ካሜራ አልነበረም። ገበያ ውስጥ፣ ከዱባይ በካርቶን ከሚመጣ አሮጌ ዕቃ መሀል የመረጠቻት ቀይ የኪስ ካሜራ አለቻት። እኛ ጎልማሳ ሳለን ያቺን ዓይነት ካሜራ የሚይዝ ሰው የውጭ አገር ዘመድ ያለው ነበር። ኋላ ስልክ መጣና ሁሉም መሳቢያ ውስጥ ጣላት። አሁን ደግሞ የሀርጌሳ ልጆች በርካሽ እየገዙ እጃቸው ላይ አንጠልጥለዋት ይዞራሉ። ስልካቸው ከሷ እጅግ የጠራ ያነሳል፤ እነሱ ግን ያቺን ትንሽ ብዥ ያለች፣ ቆዳን ሞቅ የምታደርግ ፎቶ ነው የሚወዱት። ሻሚስም አንድ ፎቶ ባነሳች ቁጥር ከረሜላ እንዳገኘች ሕፃን ፈገግ ትላለች። አዛዣችን በዚያች ካሜራ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አይቶ በሰው ፊት "እንደዚህ ነው ሥራ" ብሏታል። እኔን በዚህ ሁሉ ዘመን እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

"ለምንድን ነው ሁለቴ የምትበራው?" አልኳት፣ ፍላሹ ዓይኔን ሲወጋኝ።

"የመጀመሪያዋ ዓይን እንዳይቀላ ነው፣ አደር። ፎቶው የሚነሳው በሁለተኛዋ ነው። አሮጌዎቹ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።" አደር ማለት በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው፤ አክብሮት ነው፣ እኔ ግን ሽማግሌው ያለችኝ ይመስለኛል።

"ባዶ ክፍል ውስጥ የማን ዓይን ይቀላል?" ብዬ አጉረመረምኩ።

"የርስዎ እየቀላ ነው" አለችና ሳቀች።

የጠፋው ሚሞሪ ምን እንደያዘ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያሻም። በከተማችን የሴቶች ሠርግ ወንድ አይገባበትም። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው፣ አጊጠው፣ እስኪበቃቸው ይጨፍራሉ። ስለዚህ በር ላይ ስልክ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ይቀራል፤ ስልክ ያየውን ወዲያው ለዓለም ይበትናላ። አሮጌዋ የኪስ ካሜራ ግን ኢንተርኔት የላት፣ ምን የላት። ያነሳችው ሆዷ ውስጥ ይቀራል። ራሄል በዚያች ካሜራ ነው ስም ያወጣችው። አዳራሽ ከመግባቷ በፊት በሴቶቹ ፊት ትምላለች፦ ያየሁትን አላወራም፣ ያነሳሁትን ከሙሽራዋ በቀር ለማንም አልሰጥም፣ አንዱንም አላጠፋም። በማግስቱ ሙሽራዋ ወይም እሷ የላከቻት ሴት መጥታ ፎቶዎቹን ካሜራዋ ላይ አይታ ሚሞሪውን ትወስዳለች።

ከመመታቷ በፊት በነበረው ቀን ራሄል የአንዲት ሙሽራን፣ የሂንዳን፣ ሠርግ ነበር ያነሳችው። የአሕመድ ዳጋህ ሰፈር ሴቶች ግማሾቹ፣ ያለ ሻሽ፣ እዚያ ሚሞሪ ላይ አሉ።

ፀሐይ ሳይጠልቅ ወሬው ከተማውን ሞላው፤ ኢትዮጵያዊቷ ፎቶዎቹን ሸጠች ተባለ። ተመታች የሚለውንም ማስመሰል ነው አሉት። የሱቁ ባለቤት በሩን በራሱ ቁልፍ ቆለፈው። በሙሽርነት ሳምንቷ መጨረሻ ሴቶች ተሰብስበው ለሂንዳ የባለትዳር ሻሽ ያስሩላታል፤ እስከዚያ ሚሞሪው ካልተገኘ ለራሄል በዚህ ከተማ በሯን የምትከፍትላት ሴት አትኖርም። ሰው ባይነካትም ሥራዋ አለቀለት ማለት ነው።

ሆስፒታል ስገባ ግንባሯ ተሰፍቶ፣ አንድ ዓይኗ አብጦ አገኘኋት።

"የድሬ ልጅ ነሽ አሉ።"

"ሳቢያን ነኝ፣ ጋሼ።"

"እኔ መጋላ ነኝ። በይ የአገር ልጅ፣ ማነው የመታሽ?"

"ወደቅኩ።"

"ሚሞሪውም ወድቆ ጠፋ?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ራስሽ ወድቀሽ፣ ራስሽ መስገጃ አጥፈሽ፣ ራስሽ ተንተርሰሽ ተኛሽ? ንገሪኝ እንጂ አቦ! ውጭ ምን እየተባልሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ሰምቻለሁ።" ወደኔ ዞረች። "ጋሼ፣ አዳራሽ ከመግባቴ በፊት የምምለውን ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው አይጠይቁኝ።"

ደሜ ፈላ። ሴት ልጅ እንዲህ ምላሷን የምትውጠው ለምትወደው ወንድ ስትል ነው ብዬ ደመደምኩ። ወንድ ስል ደግሞ በሀሳቤ የመጣው ፍሬሰንበት ነው።

ፍሬሰንበት ዋናው አስፋልት ላይ ትልቅ ስቱዲዮ አለው። የጎንደር ሰው ነው፤ ሀርጌሳ ከገባ ቆይቷል። በማግስቱ ስሄድ ክንድ የሚያህል ሌንስ እየወለወለ ነበር።

"ይሄ የዝንብ እግር ይቆጥራል፣ ኢንስፔክተር" አለኝ ሌንሱን እያሳየኝ። "ሴት ቀጥሬ በዚህ ላስነሳላችሁ ስላቸው፣ 'እሱ ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ አናምነውም' ይሉኛል። ራሄል ከቆሻሻ መሀል የተለቀመ ካሜራ ይዛ ትገባለች፤ ለሷ እልል ይባልላታል! ፎቶው ብዥ ብሎ፣ ግማሹ ሰው ነጭ ሆኖ፣ 'እንዴት ያምራል' ይላሉ።"

"ቀናህባት።"

"አዎ ቀናሁ! ቀንቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ቅናት ያሳስራል እንዴ?"

"ትናንት ጠዋት የት ነበርክ?"

"በርበራ። ወረቀትና ቀለም ላመጣ ከአስማማው ጋር በጭነት መኪናው ሄጄ ነበር፤ ማታ ነው የገባነው።"

ውሸቱን ነው አልኩ። ሲናገር መንጋጋው እንዴት እንደሚጠነክር አየሁ፤ ያንን መንጋጋ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ። ወደ ጣቢያ ወሰድኩት። ሻሚስ በመኪናው ውስጥ "መጋረጃው ወርዶ ነበር እኮ፣ አደር" አለችኝ። አልሰማሁ መስዬ ሬዲዮውን ከፈትኩ።

ከሰዓት በኋላ አስማማው ሾፌሩ አቧራውን ሳያራግፍ ጣቢያ መጣ። "ምነው ጌታዬ፣ ይሄ ሰውዬ በርበራ ድረስ ስለ ራሄል ሲያማርር ጆሮዬን ሲበላኝ ነበር! ኬላው ላይ ያሉትን ፖሊሶቻችሁን ጠይቋቸው፤ እነሱም አማርሮባቸዋል።" ኬላው ጋ ደወልኩ፤ አስታወሱት። ፍሬሰንበት ሲፈታ፣ ስወጣ ስገባ የሚያዩኝ ባልደረቦቼ አቀረቀሩ። እየሳቁ እንደሆነ አውቄያለሁ።

ሻሚስ አልሳቀችም። ሻይ ይዛልኝ መጣች።

"አደር፣ የራሄል ካሜራ ሚሞሪ አሁን የማይመረት ዓይነት ነው። ስልክ ላይ አይገባም፣ ኮምፒውተርም አይቀበለውም። የራሱ ማንበቢያ ካልተገኘ በቀር ፎቶዎቹን ማየት አይቻልም። የኔም እንደዚያው ስለሆነ ስንት ሱቅ ዞሬ መሰለዎት ማንበቢያ ያገኘሁት።"

"ታዲያ?"

"ማንበቢያ ያላቸውን ሁሉ ዛሬ ጠየቅኳቸው። ኦብሳ አለው፣ ገበያ ውስጥም ያላቸው አሉ። ማንም ሊጠይቃቸው አልመጣም።" ሻዩን ወደኔ ገፋ አደረገችው። "የወሰደው ሰው ፎቶዎቹን መሸጥ አይፈልግም። ማየትም አይፈልግም። ሰው እንዳያያቸው ብቻ ነው የፈለገው።"

ትክክል ነበረች። ይሄንን እኔ ለምን አላሰብኩትም እያልኩ ስኳሩን አማሰልኩ፣ ከሟሟም በኋላ አማሰልኩ።

ወደ ሙሽራዋ ቤት፣ ወደ አሕመድ ዳጋህ ሄድን። የምንነጋገረው በሶማልኛ ነው። ሂንዳ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ የእጇ ሂና ገና ጥቁር ነው።

"አማቴ 'የልጄ ሚስት ፎቶ በየሰው ስልክ ሊዞር ነው' ትላለች። ባሌ ዋሊድ ምንም አላለኝም። ዝም ማለቱ ነው የሚያስፈራኝ።"

"ሚሞሪውን ማን ሊቀበል ነበር?"

"እህቴ ዳሀቦ። ሁሉንም ነገር የምታደርግልኝ እሷ ናት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ እሷ ናት ያሳደገችኝ። ዋሊድን እንኳ ቤታችን ያመጣችው እሷ ናት፤ አንድ መሥሪያ ቤት ነበሩ።"

ዳሀቦ በዚያው ቅጽበት ሻይ ይዛ ገባች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ቤቱ በሷ እጅ እንደሚንቀሳቀስ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅም፤ ልጆቹ ጫማቸውን የሚያወልቁት እሷን አይተው ነው።

"ትናንት ጠዋት ሄጄ ነበር" አለችኝ ሳልጠይቃት። "መጋረጃው ወርዷል። ሌላ ሰው ይዛለች ብዬ ተመለስኩ። ትንሽ ብታገስ ኖሮ የመታትን ሰው አገኘው ነበር፤ አስተግፊሩላህ።"

"ሠርጉ ላይ ከራሄል ጋር የተጣላ ሰው ነበር?"

"ማን ይጣላታል? ጨዋ ልጅ ናት።" ሻዩን አቀረበችልኝ። ከዚያ ወደ ሻሚስ ዞራ ቀስ ብላ ጠየቀች፦ "ሆስፒታል ውስጥ ፀጉሯን የሚሸፍንላት ሰው አላት? ወንድ ሐኪሞች ይገባሉ ይወጣሉ።"

ሻሚስ "እኔ አያታለሁ" አለቻት።

ስንወጣ ሻሚስ በሩ ላይ ቆማ ወደ ኋላ ተመለከተች። "ደግ ሴት ናት" አለች። እኔም ደግ ሴት ናት ብዬ አለፍኩት። ምን ላድርግ፣ ሀሳቤ ያለው ሌላ ቦታ ነበር፤ አዛዡ በነጋታው ጠዋት ሁላችንንም እንደሚሰበስበን ተነግሮ ነበር።

በነጋታው አዳራሹ ውስጥ ተሰለፍን። ናይሮቢ ለሚሰጠው የምርመራ ሥልጠና አንድ ሰው ከኛ ጣቢያ እንደሚላክ ለወራት ስናወራ ነበር። እኔ ሱፌን ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ አስጠብቤያለሁ። ለባለቤቴ ለሮዳም ከናይሮቢ ምን እንደማመጣላት ነግሬያታለሁ።

"ሻሚስ" አለ አዛዡ።

ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከሁሉም በላይ ነው ያጨበጨብኩት።

"ፎቶ! ፎቶ!" አሉ። አንዱ የሻሚስን ቀይ ካሜራ ተቀበላት። አዛዡ መሀል፣ ሻሚስ በቀኝ፣ እኔ በግራ ቆምን። ጥርሴን አሳየሁ። ብርሃኑ በራ። ተገላገልኩ ብዬ ፊቴን ለቀቅኩት፣ ዓይኔንም ወደ ሻሚስ መለስኩት። ያን ጊዜ ሁለተኛው በራ።

ካሜራዋ ከእጅ እጅ ዞረች። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፣ ከዚያ ሳቁ ቀነሰ፣ ከዚያ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ጋ ስትደርስ አየሁት። ትንሿ መስኮት ውስጥ አዛዡ ይስቃል፣ ሻሚስ ታበራለች፣ ከጎናቸው ደግሞ አንድ ሰውዬ ቆሟል። ሰውዬው ልጅቷን የሚያያት ጉድጓድ ቆፍሮ ሊከታት እንደፈለገ ነው። ከንፈሩ ወደ ታች ወርዷል፣ ዓይኑ ጠቧል። ያንን ፊት ሮዳ እንኳ አይታው አታውቅም። እኔም መኖሩን የማውቀው ከውስጥ ብቻ ነበር።

ሻሚስ ቀረበችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ላጥፋው፣ አደር?" አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ያቺን ካሜራ ከእጇ ነጥቄ ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጣት ዳድቶኝ ነበር። እጄ ተነስቷል። ማንጠልጠያዋን ጨብጫለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ የሻሚስ እጅ ገብቶበታል። ትንሽ ብስበው ይበጠሳል።

እጄን እዚያው አቆምኩት።

"አታጥፊው" አልኳት። "ካሜራውን ይዘሽ ተከተይኝ። ዳሀቦ ጋ እንሂድ።"

መኪና ውስጥ ነገርኳት። መጋረጃው የወረደው ለሴት ነው። ሚሞሪውን ሊቀበል የሚመጣ ሰው ያን ጠዋት አንድ ብቻ ነበር። ራሄልን ያንተራሳት ሰው ፀጉሯም እንዳይገለጥ የተጨነቀ ነው፤ ሆስፒታል ድረስም ስለዚያ ፀጉር የሚጨነቅ አንድ ሰው ብቻ ሰምተናል። የጠፋብኝ ምክንያቱ ነበር። ሰው ፎቶ የሚሰርቀው የሌላውን ገመና ሊያወጣ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የራሱን ፊት ሊደብቅ ሊሰርቅ እንደሚችል አሁን ገና ገባኝ።

ሻሚስ "በፍሬሰንበትም ቅናት ነው ብለው ነበር" አለችኝ።

"ሽታው ልክ ነበር። ሰውዬውን ነው የሳትኩት።"

ዳሀቦ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሂንዳ ቤት ውስጥ ተኝታለች። ካሜራዋን ከሻሚስ ተቀብዬ ፎቶውን አሳየኋት።

"ማነው ይሄ?" አለች።

"እኔ ነኝ። ሻሚስን ለሥልጠና መርጠዋት፣ እንኳን ደስ ያለሽ እያልኳት ነው።"

ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እርጥቡ ልብስ ከእጇ ወደ ሳፋው ወደቀ።

"የመጀመሪያው ብርሃን ሲበራ አለቀ መስሎኝ ነበር" አልኳት። "ሁለተኛ እንዳለው አላወቅኩም።"

"እኔም አላወቅኩም" አለች ዳሀቦ። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። "አማቷ ወርቁን ስታደርግላት ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስስቅ ነበር፤ ያን አንዴ ብቻ ነው ከሳቁ ያረፍኩት።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሻሚስ ከጎኗ ተቀመጠች።

"ዋሊድ እቤታችን ሲመጣ እኔን ሊጠይቅ ነበር የሚመጣው። እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ሻይ ያቀረበችለት ሂንዳ ናት። ሽማግሌ ሲልክ ስሟን ስሰማ፣ እኔ ነኝ 'ማሻአላህ' ብዬ መጀመሪያ የተነሳሁት። አዳራሹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቀሚሷን ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ማንም አላወቀም፤ ማንም አያውቅም ነበር።"

"ራሄል ጋ ስትሄጂስ?"

"መጋረጃውን አወረደችው። አብረን እያየን እየሳቅን ነበር። እዚያ ፎቶ ላይ ስንደርስ ሳቋ ቆመ። 'አጥፊልኝ' አልኳት። 'የሙሽራዋ ነው፣ አንዱንም አላጠፋም ብዬ ምያለሁ' አለችኝ። ለመንኳት። ካሜራውን ያዝኩት፣ እሷም ገመዱን ያዘች። ሲበጠስ ወደ ኋላ ሄደች..." ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ትተነፍሳለች። አየሁ፣ ትተነፍስ ነበር። ከዚያ ፈራሁና ሄድኩ።"

"ሚሞሪውን ሰበርሽው?"

ቀና ብላ በቁጣ አየችኝ። "የሂንዳ ሠርግ እኮ ነው! እንዴት ልስበረው?" የሻርፗን ጫፍ ፈታች። ቋጠሮው ውስጥ ጥፍር የምታህል ጥቁር ሚሞሪ ነበረች። "ለመጣል ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ልሰብር አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። እወዳታለሁ፤ አንተ ወንድም፣ እወዳታለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"እቀናባታለሁ።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"ፎቶውን ካየችው ግን ቤቷ በገባሁ ቁጥር ያቺን ፊት ነው የምታየው። ልጅ ብትወልድ ልታስታቅፈኝ ትፈራለች።" አለቀሰች። "ራሄል ምን አለቻችሁ?"

"ወደቅኩ አለች።"

ዳሀቦ እጇን ከፊቷ ላይ አነሳች።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ከተማው ሌባ ሲላት፣ ሱቋ ሲቆለፍባት፣ 'ያየሁትን አላወራም ብዬ ምያለሁ' ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንቺን አላለችም። ስላንቺ ፊት ስትል ስሟን እያጣች ነው።"

ልብሱ ገመዱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በመጨረሻ ሚሞሪዋን ለሻሚስ ልትሰጣት ዘረጋችና መልሳ ጨበጠችው።

"በሻሽ ቀን" አለች። "ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት እኔው ራሴ ለሂንዳ እሰጣታለሁ።"

እኔ ሕጉን ላስታውሳት አፌን ከፈትኩ፤ ሻሚስ በዓይኗ አስቆመችኝ። "ማስረጃው በኔ ኃላፊነት ነው" አለች። እዚያው በአላህ ስም ማለች፦ ያየሁትን አላወራም። ከዚያ ዳሀቦ ሚሞሪዋን ሰጠቻት። ሻሚስ በቀይዋ ካሜራ ውስጥ ከተተቻትና ወደ ግድግዳው ዞራ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየች። እኔ ወንድ ነኝ፤ ማየት አይገባኝም። ጉዳዩን የፈታሁት እኔ፣ ማስረጃውን የምታየው እሷ! ስትጨርስ ሚሞሪዋን አውጥታ ለዳሀቦ መለሰችላት።

"አለ?" አልኳት።

"አለ።"

"እንዴት ያለ ፊት ነው?"

"አደር!" አለችኝ።

በሻሽ ቀን ከሰዓት በኋላ የሂንዳ ቤት ሴት ብቻ ሆነ። እኔ ከበሩ ውጭ፣ ጥላ ስር፣ ስልክ የሞላበትን ቅርጫት እንድጠብቅ ተሰጠኝ። ኢንስፔክተር ሀይቤ የስልክ ዘበኛ ሆነ። ዳሀቦ ራሄልን በክንዷ ደግፋ አስገባቻት። አንዷ ስትሳደብ ሰማሁ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ የዳሀቦ ዝግ ያለ ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ጀመር። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ቃሉ ግን አይለይም። ረጅም ጊዜ ተናገረች። ጨረሰች። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ቀጥሎ ሂንዳ "አባዮ!" ብላ ጮኸች፤ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው። የሮጠ እግር ሰማሁ። ከዚያ ደግሞ እልልታው አጥሩን ዘሎ ወጣ። በመሀሉም "ራሄል! ራሄል!" የሚል ጩኸት ነበረበት።

ሻሚስ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ምን አለች? ሂንዳስ ምን አለቻት?"

"በር ላይ አስምለውኛል፣ አደር።"

"ጉዳዩን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ" አለችና ስልኳን ከቅርጫቱ ፈልጋ ወሰደች። መርማሪው የገዛ ጉዳዩን መጨረሻ ሳያውቅ ቀረ። እስከ ዛሬም አላውቀውም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ በነበረች ሴት ሁሉ እቀናለሁ።

ራሄል በቃሏ ላይ "ወደቅኩ" ብላ ፈረመች። ካሳውንና እርቁን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጨረሱት። የሱቁ ባለቤት ቁልፉን ይዞ ሊመልስላት ሲሄድ ሴቶች ቀድመውት በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር ይባላል። እኔም ሻሚስ ወደ ናይሮቢ የምትሄድበት ሳምንት በዚያ ሳልፍ ራሄልን አየኋት። ግንባሯ ላይ የስፌቱ ምልክት አለ፣ የካሜራዋ ማንጠልጠያም በአዲስ ቀይ ክር ተሠርቷል።

"ጋሼ፣ ላንሳዎት" አለችኝ። "የአገር ልጅ ነዎት፣ በነፃ።"

"ተይኝ አቦ።"

"አንዴ ብቻ።"

በሩ ላይ ቆምኩ። ልክ ያን ጊዜ ሻሚስ ከመንገዱ ማዶ፣ ሻንጣ ገዝታ፣ አዲስ ጫማ አድርጋ ስታልፍ አየኋት። እጇን አወዛወዘችልኝ። ፈገግ አልኩ። የመጀመሪያው በራ። አሁንማ አውቄያለሁ፤ ፈገግታውን ይዤ መቆየት እችል ነበር። ልያዘው ወይስ ልልቀቀው እያልኩ ሳመነታ ሁለተኛው በራ።

ራሄል የካሜራዋን መስኮት አየች። ካሜራዋን ወደኔ ልታዞር ስትል እጄን አነሳሁ።

"አታሳዪኝ" አልኳት። "ለማንም እንዳትነግሪ ብቻ።"

ካሜራዋን አጠፋችና ደረቷ ላይ አደረገቻት።

"እኔ ያየሁትን አላወራም፣ ጋሼ" አለችኝ።